የልብን የደም ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ስንመርጥ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብና ግዥ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

 

ባለፈው ጉባኤ ለኮሚቴያችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። አጋሮቻችን በከተማችን ለሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የልብ ምርመራ መሣሪያ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸው፣ ማህበራችንም ከማህበራዊ ፈንዱ የበኩሉን እንዲያዋጣ ጠይቀዋል። እናንተም «ከመወሰናችን በፊት መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚሻልና ምን ያህል እንደሚያስወጣን አጥንታችሁ ንገሩን» አላችሁን። እኛ የሂሳብ ሰዎች ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ባለሙያዎችን ጠየቅን፣ አነበብን፣ ፕሮፎርማዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠን አመሳከርን። ያገኘነውን ዛሬ እናቀርባለን።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ?

ሁላችንም በልጅነታችን «ቶንሲል ካልታከመ ወደ ልብ ይገባል» ሲባል ሰምተናል። እናቶቻችን ያሉት እውነትነት አለው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። ይህ ደግሞ እየተመላለሰ የልብን ቫልቮች ይጎዳል። ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት እንዲያልፍ የሚከፈት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነው። በሩ ሲጠብብ ደም ይጨናነቃል፤ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ደም ወደኋላ ይመለሳል። ትኩሳቱ በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ ልጅቷ አድጋ እናት ስትሆን ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሴቶች ጉዳይ የሚሆነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። በጠበበ ቫልቭ እስከዚያ ድረስ እንደምንም ስትኖር የቆየች ሴት፣ ይህ ተጨማሪ ደም ሲመጣ ትንፋሿ ያጥራል፤ ተኝታ መተንፈስ ያቅታታል፤ ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ታድራለች። ከአባሎቻችን አንዷ ይህ ሁሉ ደርሶባታል። ለረጅም ጊዜ የአስም መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ፣ በሦስተኛ እርግዝናዋ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ካጣች በኋላ ነበር በልብ አልትራሳውንድ ሕመሟ የታወቀው። ለዚያ ምርመራ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ሄዳለች። የመሳፈሪያዋንና የማረፊያዋን ወጪ ከዚህ ፈንድ የከፈልነው እኛው ስለሆንን ሂሳቡን እናውቀዋለን። አንድ ሰው አስታማሚ፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የአልጋ ኪራይ፣ ምግብ፣ የተዘጋ ጉሊት። የምርመራው ዋጋ ከሁሉም ትንሹ ነበር።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕጻናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉን ከፍቷል። ያ ማዕከል በሕዝብ መዋጮ ጭምር የቆመ ነው። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት የጋራ መግለጫ አውጥተዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ በሽታው ውሳኔ አሳልፏል። ሐሳቡ የሚጀምረው ከክፍለ ከተማና ከቀበሌ ነው። በሽታው በጊዜ ከታወቀ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል። ከዘገየ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው።

መሣሪያው የሚሠራው እንዴት ነው?

የምናወራው ስለ ልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ሐኪሞቹ በአጭሩ «ኢኮ» ይሉታል። ነፍሰ ጡር ሆነን ከታየንበት አልትራሳውንድ ጋር ወንድምና እህት ነው። ጨረር የለውም፤ የሚልከው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ድምፁ ሄዶ ልብን ሲነካ ይመለሳል፤ መሣሪያው ከተመለሰው ድምፅ ሥዕል ይሠራል። ለልብ መጀመሪያ የተጠቀሙበት ስዊድናውያኑ ሐኪም ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ኸርትዝ ናቸው፤ ዓመቱ 1953 እ.ኤ.አ. ነበር። መነሻቸውም ያው የእኛ ችግር፣ ማለትም የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ነበር።

ሥዕል ብቻውን ግን የደም ፍሰትን አይለካም። ፍሰቱን የሚለካው «ዶፕለር» የሚባለው ክፍል ነው። ይህን የድሬዳዋ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ከባቡር ጋር አድገናልና። ባቡር እየመጣ ጡሩምባውን ሲነፋ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ይህን ሕግ በ1842 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የሆላንድ ሳይንቲስት ጡሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ጆሯቸው የሰላ ሙዚቀኞችን ደግሞ ሐዲዱ ዳር አቁሞ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በልባችን ውስጥ ባቡሩ የደም ሕዋስ ነው። ወደ መሣሪያው ሲመጣና ሲርቅ የሚመለሰው ድምፅ ይለያያል፤ ከልዩነቱ የደሙ ፍጥነት ይሰላል።

ፍጥነቱ ለምን ያስፈልጋል? የውሃ ቱቦ ጫፉን በጣታችን ስናፍነው ውሃው ይፈጥናል፤ ደቻቱም ሰፊውን አሸዋ ለቆ ጠባብ ቦታ ሲደርስ እንዴት እንደሚጋልብ በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይተናል። ቫልቭም ሲጠብ እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከፍጥነቱ ተነሥተው በቫልቩ ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ4 አባዙት። ደሙ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሄድ 4 ጊዜ 4፣ 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 4 ሜትር ቢሄድ 4 ጊዜ 16፣ 64 ነው። በአኦርቲክ ቫልቭ ላይ በሴኮንድ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ማለት ከባድ መጥበብ ማለት ነው። ቀድሞ ይህን ለማወቅ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ ማስገባት ግድ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልን። መሣሪያውን የያዘችው ባለሙያ ድምፁን ከደሙ ፍሰት ጋር በአንድ መስመር ካላስተካከለች ፍጥነቱ ከእውነተኛው አንሶ ይነበባል። መስመሩ በ60 ዲግሪ ቢዛነፍ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 64 መሆን የነበረበት 16 ይሆናል፤ በጠና የታመመችው እናትም «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ትላካለች። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር የሠለጠነ እጅ አብሮ ካልተገዛ ግዥው ጎዶሎ ነው።

ሌሎች መሣሪያዎችስ?

ከአባላት «ለምን ኤምአርአይ አንገዛም? እሱ ይበልጥ ያሳያል ይባላል» የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። እውነት ነው፤ ኤምአርአይ በልብ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት መጠን በጥሩ ሁኔታ ይለካል። ነገር ግን በልዩ ሁኔታ የተሠራ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሂሊየም የሚባል ማቀዝቀዣ፣ የማይቋረጥ ኃይልና ልዩ መሐንዲስ ይፈልጋል። የኑክሌር ምርመራም አለ፤ የልብ ጡንቻ ደም እንደሚደርሰው ያሳያል። በብዛት የሚጠቀምበት ቴክኒሺየም ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ስለሚጠፋ እንደ በርበሬ ተገዝቶ መጋዘን አይቀመጥም። ሲቲ ስካን የደም ሥር መዘጋትን ለማየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጨረር አለው፤ የቫልቭን ፍሰት ለመለካትም ተመራጩ አይደለም። ለእኛ ችግር፣ ለቫልቭ ሕመም፣ በዓለምም ላይ የመጀመሪያው ምርመራ ኢኮ ነው። ስለዚህ ምርጫችን ከኢኮ መሣሪያዎች መካከል ነው።

የቀረቡልን ሦስት አማራጮች

አንደኛው ከውጭ አገር በነጻ ሊላክ የታሰበ፣ ያገለገለ ትልቅ ባለጎማ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው እንደ ላፕቶፕ የሚታጠፍ አዲስ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ከመዳፉ እንጀምር። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ትምህርት ቤት ድረስ ይዘውት መሄድ ይቻላል። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያም እንዲህ ባለ ትንሽ መሣሪያ ልጆችን የመለየት ሥራ እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ብዙዎቹ የደሙን አቅጣጫ በቀለም ያሳያሉ እንጂ ፍጥነቱን በቁጥር አይለኩም። «በሩ ችግር አለበት» ይላሉ፤ «ምን ያህል ጠቧል» ለሚለው መልስ የላቸውም። ለልየታ ይበቃሉ፤ ለሕክምና ውሳኔ ግን አይበቁም።

ትልቁ ያገለገለ መሣሪያ ብዙ አባላትን አስደስቷል፤ ነጻ ስለሆነ። እኛ ግን ሦስት ጥያቄ አንሥተንበታል። አንደኛ፣ የልብ ፕሮብ አለው ወይ? የልብ ፕሮብ ፊቱ ትንሽ ነው፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ማየት አለበትና። ለሆድና ለጽንስ የሚሆነው ሰፊና ጎባጣ ፕሮብ ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የማያቋርጥ ሞገድ ያለው ዶፕለር ተከፍቶለታል ወይ? በጠበበ ቫልቭ የሚሮጥ ደም በጣም ፈጣን ስለሆነ በቀለም ዶፕለርና እየቆጠረ በሚልከው ዶፕለር በትክክል አይነበብም፤ ቁጥሩ ይገለባበጣል። ከፍተኛ ፍጥነትን የሚያነበው የማያቋርጠው ብቻ ነው። ይህ አገልግሎት በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚከፈት ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛ፣ አምራቹ መለዋወጫውን እስከ መቼ ያቀርባል?

ጥያቄዎቹን ያነሣነው ከጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከመቶ ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ፣ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ዋናዎቹ ምክንያቶች የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ አንሶላ ተሸፍኖ የቆመ መሣሪያ ያላየ ማን አለ?

ሂሳቡ ምን ይላል?

ፕሮፎርማ ሲመጣ ዓይናችን የሚያርፈው ከታች ባለው ድምር ላይ ነው። እኛ ግን የመሣሪያውን ዕድሜ ሙሉ ቆጠርነው። ለንጽጽር እንዲመች የአዲሱን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መግዣ 100 ብለን ያዝን። ቀሪዎቹ ቁጥሮች ኮሚቴው ለንጽጽር የያዛቸው ግምቶች ናቸው። አገልግሎቱ 7 ዓመት። ዋስትናው ካለቀበት ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የጥገና ውል በየዓመቱ 8፣ ለ6 ዓመት 48። አንድ ፕሮብ መተኪያ 15፤ ፕሮብ አንዴ ወለል ላይ ከወደቀ ብዙ ጊዜ አይድንምና። ስታቢላይዘር፣ ዩፒኤስና ባትሪ 7፤ መብራት እየሄደ ሲመጣ የሚያደርገውን በፍሪጆቻችን አይተነዋል። ሥልጠና 10። ድምሩ 180 ነው፤ ለ7 ዓመት ሲካፈል በዓመት 26 ገደማ።

አሁን ነጻውን እንቁጠር። መግዣ 0። ከውጭ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ማጓጓዣና የወደብ ወጪ 12። የልብ ፕሮብ 25። ማደሻና ሶፍትዌር ማስከፈቻ 20። የኃይል መጠበቂያ 7። ሥልጠና 10። ድምሩ 74። ሁለት ዓመት ሠርቶ ቢቆም በዓመት 37 ነው፤ ከአዲሱ ይበልጣል። ሦስት ዓመት ከሠራ በዓመት 25 ይሆናል፤ ያኔ ከአዲሱ ጋር ይስተካከላል። እንግዲህ ነጻው የግድ መጥፎ ነው አንልም። ለለጋሹ የምናቀርበው ጥያቄ ግን ግልጽ ነው፤ «ቢያንስ ለሦስት ዓመት መለዋወጫ እንደሚገኝ ከአምራቹ በጽሑፍ ታመጡልናላችሁ ወይ?» እስከ ዛሬ ይህ ጽሑፍ አልደረሰንም።

ከሁሉም ያስገረመን ሌላ ቁጥር ነው። መሣሪያው በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 8 ሰው፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ 1,152 ሰዎች ይመረመሩበታል። የሠለጠነችው ባለሙያ አንድ ብቻ ሆና፣ በሌላ ሥራ ተይዛ በሳምንት 1 ቀን ብቻ ብትሠራ 384 ይሆናል። መሣሪያው ያው፣ ወጪው ያው ነው፤ የአንዱ ታካሚ ወጪ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። በመሣሪያ ዋጋ ላይ ተከራክረን የምናተርፈው ቅናሽ የቱንም ያህል ቢሆን፣ አንዲት ተጨማሪ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ማሠልጠን የሚያተርፈውን አያህልም።

አንድ ከባድ ጥያቄ

አንዲት አባላችን «በዚህ ሁሉ ገንዘብ ለምን መርፌውን አንገዛም?» ስትል ጠይቃናለች። ኮሚቴው ረጅም ሰዓት የተወያየው በዚህ ላይ ነው። እውነቷን ነው፤ መሣሪያ አያድንም። ልጅን «ልብሽ ታሟል» ብሎ ከዚያ በኋላ መርፌ ከጠፋ፣ ያደረግነው ነገር ሥጋትን መዝራት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማን መርፌ እንደሚያስፈልገው ያለ ኢኮ ማወቅ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ልጆች ገና ሕመም አይሰማቸውም። ስለዚህ ሁለቱን አናለያያቸው አልን። መሣሪያው ከመርፌው ክትትል ጋር ካልታሰረ ገንዘባችን እንዳይወጣ።

የኮሚቴው ሐሳብ

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛው አማራጭ፣ አዲሱ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይመረጥ። በውሉ ላይ የአዋቂና የሕጻናት የልብ ፕሮብ፣ ሦስቱም የዶፕለር ዓይነቶች፣ የልብ ምት ማያያዣ ገመድ፣ ሥዕሉን አስቀምጦ ለሌላ ሐኪም የመላክ ችሎታ በስም ይጻፉ። «ሙሉ አክሰሰሪ» የሚል ቃል አንቀበልም፤ ምን ማለት እንደሆነ ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉ ለሥልጠና የሚላኩ ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎችን በደብዳቤ ሳያሳውቅ ክፍያ አይፈጸም። የመጨረሻው 10 በመቶ ክፍያ መሣሪያው ተተክሎ፣ በድሬዳዋ ሙቀት በትክክል መሥራቱ ከታየ በኋላ ይለቀቅ።

ሦስተኛ፣ ከማህበራችን መዋጮ ውስጥ የተወሰነው ወደ መሣሪያው አይሂድ፤ መርፌ ለተጀመረላቸው ልጆች የመመላለሻ ወጪ ይያዝ። ከገንደ ቆሬ ወይም ከገጠር ቀበሌ በየወሩ ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት የምታቋርጠው ብዙ ጊዜ በባጃጅ ሂሳብ ምክንያት ነው። ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ መከታተል እንችላለን፤ በየሳምንቱ ቁጠባ ስንሰበስብ የቀረችውን አባል ቤቷ ሄደን የምንጠይቅ ነንና።

አራተኛ፣ በመዳፍ የሚያዘው መሣሪያ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ከትምህርት ቤት ልጆችን ለይተን ብናመጣ የሚቀበላቸው ክፍል አስቀድሞ መኖር አለበት።

ለአጋሮቻችን አንድ ቃል አለን። ገንዘባችሁ የት እንደገባ በፎቶግራፍ ብቻ አናሳያችሁም። በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት ቀን መሣሪያው እንደቆመና ለምን እንደቆመ፣ ከተገኙት ሕሙማን ስንቶቹ መርፌያቸውን ሳያቋርጡ እንደቀጠሉ፣ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እንልክላችኋለን። ቁጥሩ ባያምርም እንልከዋለን።

እህቶቻችን፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? መዋጮው ሲከፋፈል አይከብድም። የቸኮለች ደግሞ አፍሳ ትለቅማለችና፣ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁን፤ ፕሮፎርማዎቹና የሂሳብ ወረቀቱ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማየት ለምትፈልግ ሁሉ ክፍት ናቸው። ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት ትወስናላችሁ።